ጃኬቱን ለቁልቁለቱ ይግዙት
በአቅምዎ ልክ የብርድና የዝናብ ልብስ ለሚፈልጉ የብስክሌት ወዳጆች

ባለፈው መስከረም መስቀልን ከዘመዶቼ ጋር ላከብር ዲላ ነበርኩ። በበዓሉ ማግስት ከአጎቴ ልጅ ጋር በብስክሌት ቡሌ ደርሰን ለመመለስ ተቀጣጠርን። ለዚህች ጉዞ ብዬ አዲስ አበባ ላይ ወፍራም ጃኬት ገዝቻለሁ። ሻጩ «ይሄ ለበረዶ አገር የተሠራ ነው» ሲለኝ ነበር እጄን የሰጠሁት። የወር ወጪዬን ያናጋ ዋጋ ከፍዬበታለሁ። የአጎቴ ልጅ ግን ተጣጥፎ ኪስ ውስጥ የሚገባ ስስ የንፋስ ጃኬት ይዞ መጣ።

«ቡሌ እኮ ይበርዳል፤ በዚህች ብቻ ነው የምትወጣው?» አልኩት።

«እህቴ፣ ስንመለስ እናወራለን» አለኝ እየሳቀ።

ስንመለስ ለማውራትም አልቻልኩም፤ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው እርስዎ በዚያ ገንዘብ የተሻለ ነገር እንዲገዙበት ነው።

ዳገቱ ላይ ምን ሆንኩ?

ዲላ ከባሕር ጠለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ወደ ቡሌ ሲወጡ በ30 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ወደ አንድ ሺህ ሜትር ከፍታ ይጨምራሉ። ከታች በእንሰትና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ያደገውን ቡና እያዩ ይጀምራሉ። ይህ በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ነው። ከፍ ሲሉ ቡናው ይቀርና እንሰቱ፣ ገብሱና ቀርከሃው ይቀበልዎታል። በየአንድ ሺህ ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ዲላ ላይ በካናቴራ የተቀመጠ ሰው ቡሌ ላይ ጋቢ ይፈልጋል ማለት ነው።

እኔ ግን መጀመሪያ ያስቸገረኝ ሙቀት ነበር። ከዲላ ከወጣን ገና ግማሽ ሰዓት ሳይሞላን ከጃኬቱ ውስጥ ላብ በጀርባዬ ይወርድ ጀመር። ማውለቅ አሰብኩ፤ ነገር ግን ያን የሚያህል ልብስ የት ላድርገው? ቡሌ ደርሰን ሻይ ቤት ስንገባ ባለቤቷ እናት አዩኝና «ልጄ፣ ዝናቡ ገና ሳይጀምር በምን በሰበስሽ?» አሉኝ። ሳቅን። ዝናቡ የጀመረው ሻያችንን ጠጥተን ልንነሳ ስንል ነው።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ፔዳል መምታት ስለማያስፈልግ ሰውነቴ ወዲያው ቀዘቀዘ። ንፋሱ በእርጥቡ ልብስ ውስጥ ገባ። ከጥቂት ኪሎ ሜትሮች በኋላ ጣቶቼን ማዘዝ አቃተኝ፤ ፍሬኑን ስጨብጥ መጨበጤን እንኳ አላውቅም ነበር። ከፊቴ መታጠፊያ ነበር። እንደምንም በእግሬ መሬቱን እየጎተትኩ አቆምኩና ወረድኩ። የቀረውን ረጅም መንገድ ብስክሌቴን እየገፋሁ ሄድኩ። ብርድ ለጉንፋን ብቻ የሚያጋልጥ ይመስለኝ ነበር፤ ፍሬን እንደሚያስጥል ያን ቀን ተማርኩ።

ብርዱ ከውስጥ ነበር

ነገሩ ቀላል ነው። ብስክሌት ስንነዳ ሰውነታችን ከሚያቃጥለው ጉልበት አብዛኛው ወደ እግር ሳይሆን ወደ ሙቀት ይለወጣል። ዳገት ላይ ምድጃ ነን። ሰውነት ያንን ሙቀት የሚያስወግደው በላብ ነው፤ ላቡ መውጫ ካጣ ልብሱን ያርሰዋል። ውኃ ደግሞ ከአየር ይልቅ ብዙ እጥፍ በፍጥነት ሙቀትን ከገላ ይወስዳል። ቁልቁለት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲወርዱ፣ ቀኑ ጸጥ ያለ ቢሆንም እንኳ የ40 ኪሎ ሜትር ንፋስ ይመታዎታል።

ይህ የሚያጋጥመው እንደ እኔ ያለውን ጀማሪ ብቻ አይደለም። በሰኔ 1988 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ዙር፣ ጂሮ ዲታሊያ፣ ጋቪያ የሚባለውን ከ2,600 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ በበረዶ ውስጥ አቋርጧል። ሆላንዳዊው ዮሐን ቫን ደር ቬልደ በአጭር እጅጌ ማልያ ከሁሉም ቀድሞ ጫፉ ላይ ደረሰ። ቁልቁለቱ ላይ ግን ብርዱ አሸነፈውና ሙቀት ፍለጋ ቆመ፤ ውድድሩን ሲጨርስ ከ40 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነበር። አሜሪካዊው አንዲ ሃምፕስተን በበኩሉ ቡድኑ ከበረዶ ሸርተቴ ዕቃ መሸጫ የገዛለትን ወፍራም ጓንትና ሙቅ ልብስ ይዞ ነበር። የዚያን ዓመት ጂሮ ያሸነፈው እሱ ነው። ዳገቱን ጉልበት ያወጣዋል፤ ቁልቁለቱን ግን ልብስ ይጠይቃል።

ከአንድ ወፍራም ሦስት ስስ

«የክረምት ጃኬት» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስተናል። ከውጭ የሚመጡት ወፍራም ጃኬቶች የተሰፉት ለበረዶና ለደረቅ ብርድ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። በላባ የተሞላ ጃኬት ደግሞ ሲርስ ላባው ይጣበቅና ሙቀቱ ይጠፋል። ስለዚህ አንድ ወፍራም ከመግዛት በሦስት ስስ ልብሶች ያስቡ።

ገላ የሚነካው፦ ላብን ቶሎ የሚለቅ የፖሊስተር የስፖርት ካናቴራ ይሁን። ጥጥ አይመከርም። ጋቢያችን ቁጭ ብለን እሳት ስንሞቅ አቻ የለውም፤ ከራሰ ግን ጥጥ ነውና ቶሎ አይደርቅም።

መካከለኛው፦ ስስ የሱፍ ሹራብ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ፀጉራም ሹራብ ነው። ሱፍ እርጥበት ቢነካውም ሙቀት ይይዛል። የደጋው ሰው በርኖስ የለበሰው ያለ ምክንያት አይደለም።

የላዩ፦ ንፋስና ዝናብ የሚመልስ ስስ ጃኬት ነው። ዳገቱ ላይ ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጣል፤ የሚለበሰው ጫፍ ላይ፣ መውረድ ከመጀመርዎ በፊት ነው። ስለዚህ ሲጠቀለል ትንሽ ካልሆነ አይግዙት።

ሱቅ ውስጥ ምን ይፈትሹ?

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና አንድ የሙያ ምሥጢር ልንገርዎ። «ውኃ የሚቋቋም» እና «ውኃ የማያስገባ» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ካፊያን ይመልሳል፤ ሁለተኛው ዶፍን። ልዩነቱን ከጽሑፉ ሳይሆን ከስፌቱ ይዩ። ጃኬቱን ገልብጠው ስፌቶቹ ከውስጥ በስስ ጥብጣብ ታሽገው እንደሆነ ያረጋግጡ። ካልታሸጉ ዝናቡ በመርፌው ቀዳዳ ይገባል። ጎርቴክስን የመሳሰሉት ጨርቆች ዝናቡን መልሰው የላብን እንፋሎት ያስወጣሉ፤ ዋጋቸው ግን ከባድ ነው። አቅም ካልፈቀደ ብብቱ ሥር ወይም ጀርባው ላይ የአየር መውጫ ያለውንና ዚፑ እስከ ታች የሚከፈተውን ይምረጡ።

ከዚያ ጃኬቱን ለብሰው መስታወት ፊት ቀጥ ብለው አይቁሙ። የብስክሌት መሪ እንደጨበጡ ሆነው ያጎንብሱ፣ እጆችዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። ወገብዎ ከኋላ ከተጋለጠ ወይም እጅጌው ከእጅ አንጓዎ ከሸሸ ይመልሱት። የእጅጌው ጫፍ በላስቲክ ወይም በማጣበቂያ የሚጠብቅ ይሁን። ትልቅ ኮፍያ ካለው የሚነቀል መሆኑን ይዩ፤ በንፋስ የሚነፋ ኮፍያ ዞር ብለው መኪና እንዳያዩ ይጋርድዎታል። ቀለሙም ደማቅ ይሁን፤ በቡሌ ጭጋግ ውስጥ ጥቁር ጃኬት ለሾፌር አይታይም።

ገንዘቡን እንዴት እናካፍለው?

እኔ ሙሉውን ለአንድ ጃኬት አውጥቼ ጓንት ሳልገዛ ቀረሁ። ዛሬ ቢሆን ካለኝ ገንዘብ ግማሹን ለላዩ ጃኬት፣ ሩቡን ለጓንት፣ የቀረውን ለካናቴራና ለካልሲ እመድባለሁ። ሹራቡን አልገዛም፤ ከቁም ሣጥናችን ውስጥ አንድ አይጠፋም። ሳልቫጅ የሚገዙ ከሆነ ዚፑን ደጋግመው ይክፈቱና ይዝጉ፤ ከውስጥ የተቀባው ሽፋን እየተላጠ ከሆነ ደግሞ ይተዉት። ዝናብ መመለሱ አብቅቷል። አጭር እጅጌን ማስረዘም፣ አንጸባራቂ ጥብጣብ ማሰፋትም ለሠፈር ልብስ ሰፊ ከባድ ሥራ አይደለም። ሲያጥቡት የልብስ ማለስለሻ አይጨምሩበት፤ ጨርቁ ውኃ የመመለስ ኃይሉን ያጣል።

በጣም ርካሹ ዘዴ ደግሞ የታላላቆቹ ነው። የቱር ደ ፍራንስ ተወዳዳሪዎች ተራራ ጫፍ ሲደርሱ ከተመልካች ጋዜጣ ተቀብለው ማልያቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ያደርጉ ነበር። ጋዜጣው ንፋሱን ይሰብራል፣ እርጥበቱንም ይመጣል። የአጎቴ ልጅም ያን ቀን ቡሌ ሻይ ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ ጋዜጣ ለምኖ ደረቱ ሥር ሲከት አይቼ ስቄበት ነበር።

ለልጆችዎ ሲገዙ

«ያድግበታል» ብለን ሁለት ቁጥር አስበልጠን መግዛት ልማዳችን ነው። ለትምህርት ቤት ልብስ ይሆን ይሆናል፤ ለብስክሌት ግን የረዘመ እጅጌ ጣትን ሸፍኖ ፍሬን ያስስታል። አንድ ቁጥር ብቻ አስበልጠው፣ እጅጌውን በላስቲክ ያሰብስቡለት። ልጅ ጨዋታ ላይ ሆኖ በረደኝ አይልምና ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ጣቶቹን እርስዎ ይንኩለት። ከቀዘቀዙ ጓንቱን አልብሰው፣ እጁ እስኪሞቅ ያስጠብቁት።

በጥር እንደገና ቡሌ ወጣሁ። ካናቴራ፣ የባለቤቴ አሮጌ የሱፍ ሹራብ፣ ከወፍራሙ ጃኬት ዋጋ ሩቡን እንኳ ያልፈጀ ስስ ጃኬትና አንድ ጥንድ ጓንት ነበር የያዝኩት። እኚያው እናት ሻይ ቀዱልኝ፤ ጀርባዬን ዳሰስ አድርገው «ዛሬስ ደረቅ ነሽ» አሉኝ። ጃኬቴን ደርቤ ወረድኩ። ያ ያቆመኝ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ፍሬኑን ጨበጥኩ፤ ጣቶቼ ታዘዙልኝ።