ዶሮዋ የበላችውን ትጥላለች

እኅቴ ሆይ፥ ሁለትና ሦስት ዓመት በሰው ቤት ለፍተው ያጠራቀሙትን ገንዘብ «ዶሮ አርቡበት» ብለው ወደ ሀገር ቤት የሚልኩ እኅቶች ጥቂት አይደሉም። ምናልባት አንቺም ከእነርሱ አንዷ ነሽ፤ ወይም ውልሽ ሲያልቅ ይህንኑ ለመጀመር በልብሽ ይዘሻል። ዶሮ መልካም ሥራ ነው። ሰፊ መሬት አይጠይቅም፤ እናትም ታናሽ ወንድምም ሊይዙት ይችላሉ። ነገር ግን ገንዘቡ በየትኛው በር እንደሚወጣ አስቀድሞ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። ብዙው የሚጨነቀው ስለ ጫጩቷ ዋጋና ስለ ቤቱ ቆርቆሮ ነው። ሒሳቡ ሲሠራ ግን ከወጪው ከመቶ ስድሳ እስከ ሰባ የሚሆነውን የሚወስደው መኖ ነው። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» ይባላል፤ ባለቤቷም ማለም ያለባት እርሱኑ ነው።

እስቲ ወረቀትና እርሳስ ያዢ። አንድ መቶ የእንቁላል ዶሮ እንውሰድ። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ100 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች። መቶዎቹ በቀን 11 ወይም 12 ኪሎ፥ በወር ሦስት ኩንታል ተኩል ገደማ ይጨርሳሉ ማለት ነው። የአንድ ቀን ጫጩት ተገዝቶ ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው እንቁላል የሚታየው ከ18 እስከ 20 ሳምንት በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ እያንዳንዷ ስድስት ሰባት ኪሎ ትበላለች፤ መቶዎቹ ስድስት ሰባት ኩንታል። ይህ ሁሉ አንድ እንቁላል እንኳ ሳይሸጥ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ለጫጩቱና ለቤቱ ልከሽ ለዚህ ካልላክሽ፥ ወንድምሽ በሦስተኛው ወር «መኖ አልቋል» ብሎ ይደውልልሻል። ያንቺ ደመወዝ እስኪደርስ ዶሮዎቹ ፉርሽካ ብቻ እየበሉ ይሰነብታሉ። ውድቀቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው፤ በዕድገቷ ወራት የተራበች ቄብ ኋላ ብትጠግብም ያጣችውን ሁሉ አትመልሰውም፤ እንቁላል መጣል የምትጀምረውም ዘግይታ ነው።

ሌላም ሒሳብ አለ። መቶ የተሻሻለ ዘር ያላቸው ዶሮዎች በደህና ጊዜያቸው በቀን 80 ያህል እንቁላል ይጥላሉ። ይህም በአንድ ኪሎ መኖ ሰባት እንቁላል ገደማ ነው። ስለዚህ ስትደውዪ «ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው?» ብቻ አትበዪ፤ «ደህና ናቸው» ከማለት በቀር መልስ የለውም። አንድ ኪሎ መኖ ስንት ነው? አንድ እንቁላል ስንት ይሸጣል? ዛሬ ስንት ተለቀመ? ብለሽ ጠይቂ። የሰባቱ እንቁላል ዋጋ ከአንዱ ኪሎ መኖ ዋጋ ብዙ የማይበልጥ ከሆነ፥ ባሕር ማዶ ሆነሽ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ታውቂያለሽ።

አሁን መኖ ምንድን ነው? ወደሚለው እንምጣ። መኖ ሆድ የሚሞላ ነገር ብቻ እንዳልሆነ ዓለም ያወቀው ከዶሮ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ታሪኩንም አንቺ፥ በወጥ ቤት የምትውዪው፥ ከሊቃውንቱ ይልቅ ትረጂዋለሽ። ክርስቲያን ኤይክማን የሚባል የሆላንድ ሐኪም በጃቫ ደሴት፥ ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ከተማ፥ እግርን የሚያልፈሰፍስና ልብን የሚያደክም ቤሪቤሪ የተባለ በሽታ ይመረምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1889 በምርመራ ቤቱ ግቢ የነበሩት ዶሮዎች እንደ በሽተኞቹ ሰዎች እግራቸው እየተሳሰረ ይወድቁ ጀመር። እርሱ የበሽታውን ተሐዋስያን ሲፈልግ ሳለ ዶሮዎቹ በድንገት ዳኑ። ነገሩ ሲጣራ፥ ጠባቂው ከወታደሮች ሆስፒታል ወጥ ቤት የተረፈ የተፈተገ ነጭ ሩዝ ያበላቸው ነበር። ከዚያ አዲስ ምግብ አብሳይ መጣና «የወታደር ሩዝ ለሲቪል ዶሮ አይሰጥም» ብሎ ከለከለ። ዶሮዎቹ ወደ ርካሹ፥ ገለባው ወዳልተፈተገው ሩዝ ተመለሱ፤ በዚያም ተፈወሱ። የአንድ ምግብ አብሳይ ስስት ለዓለም እንዲህ ያለ ጥቅም ያመጣበት ሌላ ታሪክ አላውቅም። ኤይክማን በመጀመሪያ ነጩ ሩዝ መርዝ ያለው መስሎት ነበር፤ የጎደለ ነገር መኖሩን እ.ኤ.አ. በ1901 ያስረዳው ተተኪው ኸሪት ክራይንስ ነው። የጎደለው ዛሬ ቪታሚን ቢ1 የምንለው ነው። ኤይክማንም እ.ኤ.አ. በ1929 የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዱ ሆነ።

በዚያው በ1929 ሄንሪክ ዳም የተባለ የዴንማርክ ሰው ቅባቱ የወጣ መኖ ያበላቸው ጫጩቶች ደማቸው አልረጋ ብሎ ሲፈስስ አየ። ከዚህ ተነሥቶ ቪታሚን ኬ ተገኘ። ዛሬ በብዙ አገር ሕፃን እንደ ተወለደ የሚወጋው የቪታሚን ኬ መርፌ መነሻው እነዚያ ጫጩቶች ናቸው።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት ፉርሽካ ጠልቼ አይደለም። ፉርሽካ፥ በቆሎ፥ የኑግ ፋጉሎ፥ አኩሪ አተር እያንዳንዱ የራሱ ጥቅም አለው፤ ብቻውን ሲሆን ግን ይጎድለዋል። የጣይ ዶሮ መኖ ከመቶ 16 እስከ 18 ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል፤ የጫጩት ደግሞ 20 ገደማ። በቆሎ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ከመቶ ስምንት ወይም ዘጠኝ ብቻ ነው ፕሮቲኑ። ፕሮቲንም ራሱ ከብዙ ትናንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። ከእነርሱ ላይሲንና ሜቲዮኒን የሚባሉት ለዶሮ ቶሎ የሚጎድሉ ናቸው። አኩሪ አተር ላይሲን ሞልቶለት ሜቲዮኒን ያንሰዋል፤ የኑግ ፋጉሎ በተቃራኒው ላይሲን ይጎድለዋል። ሁለቱ ሲደባለቁ አንዱ የሌላውን ይሞላል። እናቶቻችን እንጀራን በሽሮ ማብላታቸው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስለ አኩሪ አተር አንድ ነገር ለወንድምሽ አጥብቀሽ ንገሪ፤ ጥሬውን ፈጭቶ እንዳያበላ። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር አለው፤ ዶሮዋ በልታ በልታ አታድግም፤ ቆሽቷም ያብጣል። በደንብ ሲቆላ ይህ ይጠፋል።

እንቁላል ስትሰብሪ የምትጥይውን ቅርፊት እስቲ አንድ ቀን ልብ ብለሽ እዪው። ክብደቱ አምስት ስድስት ግራም ነው፤ ከዚህም ሁለት ግራም ያህሉ ካልሲየም ነው። ዶሮዋ ይህን ቅርፊት ለመሥራት ሃያ ሰዓት ገደማ ይፈጅባታል፤ አብዛኛውንም የምትሠራው በሌሊት፥ ቆጥ ላይ ተኝታ ሳለች ነው። ከመኖዋ የምታገኘው ካላነሣት ከአጥንቷ እየወሰደች ትሠራዋለች። ስለዚህ የጣይ ዶሮ መኖ ከመቶ ሦስት ተኩል እስከ አራት ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ የሚጨመርበትም ለዚህ ነው። በቤት የተጣለ የእንቁላል ቅርፊትም ተቀቅሎ፥ ደርቆና ተፈጭቶ ሊሰጥ ይችላል። እንዳለ ከሰጧት ግን እንቁላል መብላት ትለምዳለች። ቅርፊቱ የሳሳ፥ በእጅ ሲነካ የሚሰነጠቅ እንቁላል በዛ ከተባልሽ አስቀድመሽ ይህን ጠርጥሪ።

ይሁን እንጂ የጣዩን መኖ ለጫጩት መስጠት ሌላ ጥፋት ነው። ለጫጩት አንድ ከመቶ ያህል ካልሲየም ይበቃታል፤ ያ ሁሉ ኖራ ኩላሊቷን ያበላሸዋል። አንድ ከረጢት ገዝቶ ለሁሉም መበተን ቁጠባ መስሎ የሚታያቸው አሉ።

ሻጋታንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ የተርኪ ዶሮዎች ምክንያቱ ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር ከብራዚል በመጣ የሻገተ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ውስጥ የነበረ መርዝ ሆኖ ተገኘ፤ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበትን የሚያጠፋ፥ በሰውም ላይ ካንሰር የሚያመጣ ነው። በእኛም አገር በአዲስ አበባ ዙሪያ በተደረገ ጥናት በኑግ ፋጉሎና በላሞች ወተት ውስጥ ተገኝቷል። ረክሶ የተሸጠ፥ የሸተተ፥ የተጋገረ መኖ አይገዛ። የተገዛውም ከመሬት ከፍ ባለ ርብራብ ላይ ይቀመጥ።

ምናልባት ማዳም ገበያ ስትልክሽ «የፈረንጁ ዶሮ በሆርሞን የተነፋ ነው፤ በለዲ አምጪ» ትልሽ ይሆናል። ዶሮን በሆርሞን ማሳደግ በአሜሪካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ፍጥነቱም ከሆርሞን የመጣ አይደለም። በካናዳ የአልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የ1957፥ የ1978ና የ2005 ዘር የሥጋ ዶሮዎችን አንድ ዓይነት መኖ እያበሉ አሳደጉ። ጥናቱን በ2014 አሳተሙት። በ56ኛው ቀን የመጀመሪያዎቹ 900፥ ሁለተኞቹ 1,800፥ ሦስተኞቹ 4,200 ግራም ገደማ መዘኑ። ልዩነቱን ያመጣው ዘር መምረጥ ነው። እውነተኛው የሚያሳስበው ጉዳይ ሌላ ነው፤ ለማሳደጊያ ተብሎ በመኖ የሚጨመረው አንቲባዮቲክ። መድኃኒቱ በሰው ላይ ኃይሉን እንዳያጣ በመስጋት የአውሮፓ ኅብረት ከ2006 ጀምሮ ከልክሎታል። የአስኳል ቢጫነትም ቢሆን ከቢጫ በቆሎና ከለምለም ቅጠል የሚመጣ ቀለም ነው፤ የቅርፊቱ ነጭ ወይም ቡናማ መሆን ደግሞ የዘር ነገር ነው። ለማዳም መንገሩን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

ከዚያ ጥናት ግን ለእኛ የሚሆን አንድ ትምህርት አለ። የሀበሻ ዶሮ ጭራ ትበላለች፤ በዓመት ከ40 እስከ 60 ትናንሽ እንቁላል ትጥላለች፤ ስትራብ መጣሏን ታቆማለች እንጂ ነፍሷን ታተርፋለች። በዓመት 250 እና 300 እንድትጥል የተመረጠችው ዶሮ ግን እየተራበችም መጣሏን ቶሎ አታቆምም፤ አጥንቷ እስኪሰበር ከራሷ ትወስዳለች። የመኖ ገንዘብ ከሌለ ሦስት አራት የሀበሻ ዶሮ በግቢ ውስጥ ለቅቆ ማታ ጥቂት ጥሬ መስጠት ይሻላል። የደብረ ዘይት የምርምር ማዕከልም የሆሮን የአገር ዶሮ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየመረጠ ማሻሻል መጀመሩ ይህንኑ ጥንካሬ አይቶ ይመስለኛል።

ውኃም መኖ ነው። ዶሮ ከበላችው በክብደት ሁለት እጥፍ ያህል ትጠጣለች፤ በሙቀት ከዚያም ትበልጣለች። የኩዌትንና የዱባይን የሐምሌ ሙቀት አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ዶሮ ደግሞ ላብ እንኳ የላትም፤ የምታለከልከው ለዚህ ነው። ቤተሰቦችሽ ቆላ ከሆኑ መኖው በማለዳና በምሽት ይሰጥ፤ ውኃው ጥላ ሥር ይሁን።

የቀረው የጾሙ ነገር ነው። በዐቢይ ጾም እንቁላል ገዢ ያጣል፤ ዶሮ ግን አትጾምም። ገቢው ቀነሰ ብለው መኖውን የሚቀንሱ አሉ። ዶሮዋ ያን ጊዜ ላባዋን ታረግፋለች፤ መጣልም ታቆማለች፤ ተመልሳ ለመጣል ሳምንታት ይወስድባታል፤ ፋሲካም ያልፋታል። ስለዚህ የአንድ ቀን ጫጩት የምታስገዢ ከሆነ ኅዳር መልካም ወር ነው። ዶሮዎቹ መጣል የሚጀምሩት ወደ ጾሙ ማብቂያ ይሆናል፤ ብዙ የሚጥሉበት ጊዜ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ሃምሳ ላይ ይውላል። በኅዳር ስትልኪ ታዲያ የጫጩቱን ብቻ ሳይሆን የስድስት ሰባቱንም ኩንታል አስቢ።