የፖዞላና ሲሚንቶ እፍግታ፦ ተደማሪው ይዘት እንጂ እፍግታ አይደለም

የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው በድሬዳዋ ነው። በከተማዋ ዙሪያ የሚገኘው የኖራ ድንጋይም እስከ ዛሬ የዘርፉ ጥሬ ዕቃ ሆኖ ያገለግላል። በአሁኑ ወቅት በአገራችን በስፋት ከሚሠራባቸው የሲሚንቶ ዓይነቶች አንዱ ፒፒሲ ሲሆን፣ በውስጡ ከክሊንከርና ከጂፕሰም በተጨማሪ የተፈጨ የእሳተ ገሞራ ፖዞላና ይገኛል። በኮንክሪት ድብልቅ ንድፍ የተለመደው እፍግታ ማለትም 3.15 ግራም በሴንቲ ሜትር ኩብ ግን የኦፒሲ ነው። ይህን ቁጥር ለፒፒሲ መጠቀም ምን ያህል ስሕተት ያስከትላል? የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

መነሻው ቀላል የቴርሞዳይናሚክስ መርሕ ነው። ክፍሎቹ እርስ በርስ በማይዋሐዱበት ድብልቅ ውስጥ መጠነ ቁስም ይዘትም ይደመራሉ፤ እፍግታ ግን አይደመርም። ስለዚህ በመጠነ ቁስ ድርሻ ተመዝኖ አማካዩ የሚወሰደው ስፔሲፊክ ቮሊዩም፣ ማለትም የአንድ ግራም ቁስ ይዘት ነው። የድብልቁ እፍግታ የዚህ አማካይ ግልባጭ ይሆናል።

ለምሳሌ 70 በመቶ ኦፒሲና 30 በመቶ ፖዞላና የያዘ ሲሚንቶ እንውሰድ፤ የፖዞላናው እፍግታ 2.35 ይሁን። ስፔሲፊክ ቮሊዩማቸው በቅደም ተከተል 0.3175 እና 0.4255 ሴንቲ ሜትር ኩብ በግራም ነው። በየድርሻቸው ተባዝተው ሲደመሩ 0.350 ይሰጣሉ፤ እፍግታው እንግዲህ 2.86 ነው። እፍግታዎቹን በመጠነ ቁስ ድርሻ በቀጥታ ብናማክል 2.91 እናገኝ ነበር። ይህ ሁለተኛው መንገድ የሚያስኬደው ድርሻዎቹ በይዘት የተሰጡ እንደሆነ ብቻ ነው።

ልዩነቱ በሥራ ላይ ይታያል። ለአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት 360 ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ቢታቀድ፣ በ3.15 ሲሰላ የሲሚንቶው ይዘት 114.3 ሊትር፣ በ2.86 ሲሰላ ግን 126 ሊትር ገደማ ነው። ሌሎቹ ግብዓቶች ካልተስተካከሉ የሚወጣው ኮንክሪት 12 ሊትር ያህል ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው ሲሚንቶም ወደ 356 ኪሎ ግራም ዝቅ ይላል። ጉድለቱ ለአንድ ሜትር ኩብ ትንሽ ቢመስልም በሺህ ሜትር ኩብ ሥራ ከ4,000 ኪሎ ግራም በላይ ይሆናል።

ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፣ እዚህ የተነገረው እፍግታ የቅንጣቱ ነው፤ በቅንጣቶች መካከል ያለውን አየር የሚጨምረው የክምር እፍግታ ከዚህ በእጅጉ ያንሳል። የቅንጣቱ እፍግታ በሌ ሻተሊዬ ብልቃጥ ውስጥ በኬሮሲን ይለካል፤ ውሃ ከሲሚንቶ ጋር ስለሚዋሐድ ለዚህ አይሆንም። ሁለተኛ፣ የይዘት ድምር ሕግ ውሕደት ሲጀምር ይፈርሳል፦ ሲሚንቶና ውሃ ተዋሕደው የሚሰጡት ውጤት ይዘቱ ከሁለቱ የመነሻ ድምር ያነሰ ነው። ስለዚህ ስሌቱ ለትኩሱ ድብልቅ እንጂ ለጠነከረው ኮንክሪት አያገለግልም።

የፖዞላናው ድርሻና ዓይነት ከምርት ምርት ስለሚለያይ፣ በሠንጠረዥ ቁጥር ከመተማመን ይልቅ በእጅ ያለውን ሲሚንቶ እፍግታ ለክቶ ወደ ንድፉ ማስገባት ተመራጭ ነው።