ከእሸት በፊት ሞተሩን እዩት፦ ለአሮጌ ሊስተር መለዋወጫ ስታሠሩ

የዛሬው ዋጋ እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። ከዚያ በፊት ግን ትንሽ ስለ ብረት ላውራችሁ። ደላላን ስለ ሞተር ምን አገባው የምትሉ አትጠፉም፤ ባለፈው ኅዳር ግን አንድ ፒስተን ከኪሴ ገንዘብ አስወጥቶኛል፣ ጥፋቱም በከፊል የእኔ ነው። አሁን ክረምት ነው፣ ሳይቶች ዝግ ናቸው፣ ጊዜ አለ። ኅዳር ላይ ብጽፈው ለማንም አይጠቅምም።

ይርጋጨፌ አካባቢ ካለ አንድ የእሸት ማጠቢያ ሳይት ቡና ለላኪ አገናኛለሁ። እዚያ መብራት አይታመንም፤ መፈልፈያውን የሚያዞረው አሮጌ ሊስተር ነው። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ሰው ያውቀዋል፦ ባለ አንድ ሲሊንደር ናፍጣ፣ ግራና ቀኝ ትልልቅ ቮላኖ ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚመታ፣ ድምፁ ከወንዝ ማዶ የሚሰማ። ሞዴሉ ሲኤስ ይባላል። በፈረንጆቹ 1929 እንግሊዝ አገር ዱርስሊ በምትባል ከተማ መሠራት የጀመረ ነው። የዚህ ሳይት ሞተር 6 የፈረስ ጉልበት አለው፣ በደቂቃ 650 ዙር ይዞራል። እናት ፋብሪካው ይህን ሞዴል ካቆመ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሕንድ ውስጥ ራጅኮት ላይ ኮፒው በብዛት ተሠርቷል፣ የኛ ገበያም የሚያውቀው በአብዛኛው ያንን ነው።

ፋሻው ተሰብሮ ፒስተኑን ቧጨረው። ማናጀሩ ደወለልኝ። እኔም እንደ አዋቂ «አዲስ አበባ ላኩት፣ ቶርኖ ቤት አሮጌውን አይቶ ያወጣዋል» አልኩት። እውነትም ወጣ። በሁለት ቀን የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ፒስተን ተልኮ ተገጠመ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ ሳይቱም ደስ ብሎት የዚያን ቀን 8 ሺህ ኪሎ እሸት ተቀበለ። አንድ ሰዓት ያህል እንደፈለፈለ ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ነክሶ ቀጥ አለ። ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር።

ለገበሬ ማኅበራት የማውቀውን ልደግምላችሁ አልፈልግም፣ ግን ሂሳቡን እዩት። በግምት 6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ንጹሕ ቡና ይወጣዋል፤ ስለዚህ መሬት ላይ የተከመረው 1,300 ኪሎ የታጠበ ቡና ነው። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይሞቃል፣ መፍላት ይጀምራል፣ ጽዋ ላይ ሽታው ይወጣል። ግማሹን በአይሱዙ ወደ ጎረቤት ሳይት ላክን፣ እነሱ በቆረጡት ዋጋ። የቀረው በማግስቱ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆነ። አንዳንዱ «ያልታጠበም ዘንድሮ ጥሩ ዋጋ አለው» ይላል። ልክ ነው፣ ሆን ተብሎ ሲሠራ። ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ሲሞቅ ያደረ እሸት ግን የተመረጠ ጀንፈል አይሆንም። ላኪው የተዋዋለው የታጠበ ነበር፣ ጎደለበት። እኔ ኮሚሽኔን ተውኩ፣ የመኪናውንም ከፈልኩ።

ከዲላ የመጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ፒስተኑን አገላብጠው አይተው «ልጄ፣ ይሄ ሥራው ጥሩ ነው፣ ግን ማን ነው እንዲህ አጥብቁት ያላቸው?» አሉኝ። ማንም አላላቸውም። ችግሩም እሱ ነው። የድሮው ፒስተን ካስት አይረን ነበር። ቶርኖ ቤቱ የድሮውን ልክ ለካ፣ ያንኑ ልክ በአሉሚኒየም ቆረጠ። አሉሚኒየም ሲሞቅ ከካስት አይረን እጥፍ ያህል ያብጣል። የዚህ ሞተር ሲሊንደር ስፋት 4 ተኩል ኢንች፣ ማለትም 114.3 ሚሊ ሜትር ነው። ሙቀቱ 100 ዲግሪ ሲጨምር በዚህ ስፋት ያለ የካስት አይረን ፒስተን 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል፣ የአሉሚኒየሙ ደግሞ 0.26 ገደማ። ለመጀመሪያው የተተወው ክፍተት ሁለተኛውን አያስችለውም። ቶርኖ ቤቱን አልወቅስም፤ «እንደዚህ አድርጉ» ተባሉ፣ እንደዚያ አደረጉ። ከምን ብረት እንደሚሠራና ምን ያህል ክፍተት እንደሚተው መናገር የኛ ድርሻ ነበር።

ሌላው ስህተታችን ሲሊንደሩን አለመላካችን ነው። ፒስተን የሚሠራው ለሲሊንደሩ እንጂ ለአሮጌው ፒስተን አይደለም። ሲሊንደር ደግሞ እኩል አይበላም፤ ከላይ፣ ፋሻው በሚመለስበት በኩል ይብሳል። ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች፣ በሁለት አቅጣጫ ይለካ። ኦቫል ሆኖ ከተገኘ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፣ ከዚያ ፒስተኑና ፋሻው በአዲሱ ልክ ይታዘዙ። ሁለተኛው ጊዜ እንዲህ አድርገን ነው የዳነው፣ ግን እስከዚያ 9 ቀን ሄደ።

መቅለጫ ቤት አሮጌውን ዕቃ አሸዋ ላይ ወቅሮ ሊያወጣላችሁ ከሆነም ተጠንቀቁ። ካስት አይረን ሲቀዘቅዝ 1 ከመቶ ያህል ይኮማተራል፣ አሉሚኒየም ትንሽ ይበልጣል። 114 ሚሊ ሜትር የነበረው 113 ሆኖ ይወጣል፣ ቶርኖ የሚቆርጠው ትርፍ ሥጋም የለውም። ሞዴሉ መጀመሪያ መወፈር አለበት። አሮጌውን ዕቃ ብቻ ተቀብሎ «ነገ ና» የሚላችሁን እኔ አላምንም፤ ስንት ትተርፋለህ ብላችሁ ጠይቁት።

ቡሎን ነገር ተራ ይመስላል፣ ብዙ ቴስታታ የሚበላሸው ግን በሱ ነው። የእንግሊዙ ሞተር ጥርስ ዊትዎርዝ ነው፣ በኢንች። ግማሽ ኢንች ቡሎን 12.7 ሚሊ ሜትር ነው፣ በኢንች 12 ጥርስ አለው። ሱቅ የምታገኙት ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ደግሞ በኢንች 14 ተኩል ያህል ጥርስ አለው። ሁለት ሦስት ዙር ይገባላችኋል፣ ከዚያ ይጠብቃል፣ መካኒኩ «ገባ» ብሎ በረጅም ቁልፍ ይጫነዋል፣ የሞተሩ ጥርስ ያልቃል። ኮፒው ላይ ደግሞ አንዳንዱ በሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት በጥርስ መለኪያ እዩት፤ ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ሁሉንም ማሠራት አያስፈልግም። ኩሽኔታ ላይ ቁጥር አለ፤ 6308 የሚል ከሆነ 08ን በ5 አባዙት፣ 40 ሚሊ ሜትር የውስጥ ቀዳዳው ነው፣ ሶማሌ ተራ በቁጥሩ ይገዛል። ቦኮላ፣ ፑሌጃ፣ ስቱድ አገር ውስጥ ይሠራል። የናፍጣ ፖምፓና አፍንጫው ግን ቶርኖ የሚደርስበት ልክ አይደለም፣ ግዙት። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ስታስቆርጡ ውፍረቱን ጠብቁ፤ ከወፈረ ግፊቱ ይቀንስና በደጋ ጠዋት አልነሳም ይላል። የተሰነጠቀ ቮላኖ ደግሞ በጭራሽ አታስበይዱ። ሲዞር ቢለቅ የሰው ሕይወት ነው።

ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከሕንድ የሚመጣው መለዋወጫ በብር ከብዷል፣ «ይሄን ያህል ለአሮጌ ሞተር?» የሚል የዩኒየን ቦርድም አይቻለሁ። ዋጋውን ከአዲስ ሞተር ጋር አታወዳድሩት። በታጠበና ባልታጠበ መካከል ያለውን የኪሎ ልዩነት ከዚህ ቻናል ውሰዱ፣ በ1,300 አባዙት፣ ያ የአንድ ምሽት ነው። አንድ ዓይነት ሞተር ያላቸው ሦስት አራት ሳይቶች ያሉት ዩኒየን ደግሞ አንድ ስብስብ ፒስተንና ፋሻ በጋራ ቢያስቀምጥ ይበቃዋል፤ ሲሊንደሮቹ በአንድ ልክ ከተስተካከሉ ማለት ነው። ላኪዎችም ቅድሚያ ክፍያ ስትሰጡ «ትርፍ ፒስተን አላችሁ ወይ?» በሉ። ስለ ከረጢት ትጠይቁ የለም እንዴ።

የኛ ሳይት አሁን አንድ ትርፍ ፒስተን ግሪስ ተቀብቶ መጋዘን ተቀምጧል፣ ልኩና የብረቱ ዓይነት ወረቀት ላይ ተጽፎ ታስሮበታል። አጠገቡ ያሉት ሁለት ሳይቶች ገና አልተለኩም። ሐሙስ ከሽማግሌው ጋር ወደዚያ እወርዳለሁ። በዚያ መስመር ሊስተር ያላችሁ እስከ ረቡዕ ማታ ጻፉልኝ፤ የሞተሩን ስም ሰሌዳ ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፣ ዱርስሊ ይሁን ኮፒ ከዚያ ይታያል።