ተጨማሪ መረጃ፦ ከአሮጌው ቀለም ሥር ምን አለ?

በ2017 ዓ.ም. ከፈረሱት የካዛንቺስ ነባር ቤቶች በተረፈ ዕቃ የልጅ አልጋ ወይም የመጽሐፍ መደርደሪያ መሥራት ይቻላል። ጣውላው ጽድ ከሆነ ሲፋቅ ሽታው ያሳብቃል፤ ቺፑድን ደግሞ ጠርዙ ላይ በሙጫ የተጣበቀው የእንጨት ፍርፋሪ ያጋልጠዋል።

አስቸጋሪው ቀለሙ ነው። ሊድ የተባለው መርዛማ ብረት በዓይን አይለይም፤ ቁርጡን የሚናገረው ላቦራቶሪ ነው። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለ ሊድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እንዳይበልጥ የሚያዘው ደንብ የወጣው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባ ዕቃ ሁሉ ይጠርጠር፤ በተለይ ቀለሙ ሲላጥ ብርቱካናማ ፀረ-ዝገት ብቅ የሚልበት የብረት አልጋ። በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈተግ ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም! አቧራው ወለል ላይ ያርፋል፤ የሚድህ ሕፃን እጁን ወደ አፉ ይወስዳል፤ የሕፃን አንጀትም ከአዋቂው ይልቅ ሊድን አብዝቶ ይመጥጣል።