ከርት ዋርነር፦ ተረቱና እውነታው

በአሜሪካ ፉትቦል የከርት ዋርነርን ያህል የተወራለት ተጫዋች ጥቂት ነው። ሌሊት በሱፐርማርኬት ዕቃ ሲደረድር የኖረ ወጣት ድንገት ዕድል ተከፍቶለት የሱፐር ቦውል፣ ማለትም የሊጉ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ባለድል ሆነ ይባላል። በ2021 ፊልም ተሠርቶለታል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ አነቃቂ ንግግር የሚያደርጉ ሰዎችም ደጋግመው ይጠቅሱታል። ታሪኩ ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ነገር ግን በተነገረ ቁጥር ዋናው ክፍል እየተቆረጠ ቀረ፤ በሱፐርማርኬቱና በዋንጫው መካከል ያለፉት ዓመታት ጠፉ። ጨዋታውን ያስተማሩት ግን እነዚያ ዓመታት ናቸው።

ለስፖርቱ አዲስ ለሆነ አንባቢ፣ ኳርተርባክ የማጥቃቱ መሪ ነው። እያንዳንዱ የማጥቃት እንቅስቃሴ በተጀመረ ቁጥር ኳሱ መጀመሪያ እሱ እጅ ይገባል። ከዚያ በሁለት ወይም በሦስት ሰከንድ ውስጥ፣ ግዙፍ ተከላካዮች እየተንደረደሩበት፣ ለማን እንደሚወረውር መወሰን አለበት።

«በኮሌጅ የገነነ በኤንኤፍኤልም ይገናል»

ብዙዎች የኮሌጅ ዝናን ወደ ትልቁ የሙያተኞች ሊግ፣ ወደ ኤንኤፍኤል፣ እንደሚያስገባ ማለፊያ ያዩታል። ይህን ለመፈተሽ የ1993 የኮሌጅ የውድድር ዘመን ብቻውን ይበቃል። የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች የሚወስደውን የሃይስማን ዋንጫ ያገኘው የፍሎሪዳ ስቴቱ ኳርተርባክ ቻርሊ ዋርድ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚያው ዓመት የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በሚያዝያ 1994 የኤንኤፍኤል ቡድኖች ከኮሌጅ የወጡ 222 ተጫዋቾችን ተራ በተራ ሲመርጡ ዋርድ ከመካከላቸው አልነበረም። ቅርጫት ኳስም ይጫወት ስለነበር ቡድኖቹ የትኛውን እንደሚመርጥ እርግጠኛ አልሆኑም፤ እሱም ወደ ኒው ዮርክ ኒክስ ሄደ። ለዚያው ዋንጫ በተሰጠው ድምፅ ሁለተኛ የወጣውን የቴነሲውን ሂዝ ሹለርን ደግሞ ዋሽንግተን በሦስተኛ ደረጃ መረጠው። ሹለር በኤንኤፍኤል ዘመኑ ሁሉ 15 ታችዳውን (ኳሱ የተቃራኒ ቡድን መጨረሻ ክልል ሲደርስ የሚቆጠር ነጥብ) ወረወረ፤ ተቃራኒ ቡድን የጠለፈበት ኳስ ግን 33 ነበር።

በ1993 ዋርነር የት ነበር? በአይዋ ግዛት ሲዳር ፎልስ ከተማ፣ በኖርዘርን አይዋ ዩኒቨርሲቲ። ለዓመታት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ቆይቶ ቋሚ ተሰላፊ የሆነው በመጨረሻው ዓመቱ ብቻ ነው። በዚያች አንድ ዓመት የሚወዳደርበት ምድብ ምርጥ የማጥቃት ተጫዋች ተባለ። 222ቱ ሲመረጡ ግን ስሙን የጠራ ቡድን አልተገኘም።

ኮሌጅና ኤንኤፍኤል ሕጋቸው ቢቀራረብም ጨዋታቸው ይለያያል። በኮሌጅ ኳርተርባኩን የሚያሳድዱት አብዛኞቹ ተከላካዮች ወደ ትልቁ ሊግ የማይደርሱ ናቸው፤ ኳስ ተቀባዩም ብዙ ጊዜ ነፃ ቦታ ያገኛል። በኤንኤፍኤል ያ ቦታ በቅጽበት ይዘጋል። በኮሌጅ ተይዞ የነበረው ያው ኳስ እዚያ ይጠለፋል።

«ከመደርደሪያው በቀጥታ ወደ ሱፐር ቦውል»

በብዛት የሚነገረውም፣ እውነቱን በጣም የሚሸፍነውም ይህ ነው።

በ1994 ግሪን ቤይ ፓከርስ ዋርነርን ለሙከራ ወደ ልምምድ ካምፑ ወሰደው። ብሬት ፋርቭ ቋሚ ተሰላፊ ነበር፤ ማርክ ብሩኔልና ታይ ዴትመርም ከኋላው ነበሩ። ውድድሩ ሳይጀመር ዋርነር ተሰናበተ። ወደ ሲዳር ፎልስ ተመልሶ ሃይ ቪ በተባለው ሱፐርማርኬት በሰዓት 5 ዶላር ከ50 ሳንቲም እየተከፈለው ሌሊት ዕቃ መደርደር ጀመረ። በዚያው ጊዜ የቀድሞ ኮሌጁን ቡድን በማሠልጠን ያግዝ ነበር። ያን ጊዜ 23 ዓመቱ ነው። ተረቱ ከዚህ ተነስቶ በአንድ ዝላይ 28 ዓመቱ ላይ ያርፋል።

በ1995 በዴ ሞይን ከተማ ለአይዋ ባርንስቶርመርስ መጫወት ጀመረ። ቡድኑ የሚወዳደረው ፉትቦልን በአዳራሽ ውስጥ በሚያጫውተው አሪና ሊግ ነበር። ሜዳው 50 ያርድ ብቻ ነው፤ ስፋቱም ከመደበኛው ሜዳ ግማሽ ያህል ነው። በየወገኑ ስምንት ሰው ይሰለፋል፤ ዳር ዳሩ በስፖንጅ የተሸፈነ ግድግዳ ነው። ብዙ የስፖርት ሰዎች ይህን ጨዋታ ለመዝናኛ የተፈጠረ አድርገው ይንቁት ነበር። ይሁንና በጠባብ ሜዳ ተከላካዩ ቶሎ ይደርሳል፤ ኳሱን ይዞ የሚያመነታ ይወድቃል። ዋርነር በሦስት ዓመት ከ180 በላይ ታችዳውን ወረወረ፤ በ1996ና በ1997 ቡድኑን ለፍጻሜ አድርሶ ሁለቱንም ጊዜ ተሸነፈ። በኋላ በኤንኤፍኤል ሰው ሁሉ የተደነቀበት፣ ኳስን ገና ተቀባዩ ሳይዞር የመልቀቅ ልማዱ እዚያ ጠባብ ሜዳ ላይ የበሰለ ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ትምህርት ቤት «የመከራ ዘመን» ብሎ ማለፍ ሙያውን አለማክበር ነው።

ቀጥሎ ሴንት ሉዊስ ራምስ አስፈርሞት ወደ ኔዘርላንድ ላከው። በ1998 ጸደይ በኤንኤፍኤል ዩሮፕ ለአምስተርዳም አድሚራልስ ተጫውቶ በያርድም በታችዳውንም ሊጉን መራ። በዚያው ዓመት መኸር የራምስ ሦስተኛ ኳርተርባክ ሆነ፤ በዓመቱ የተሰለፈው በአንድ ጨዋታ ብቻ ነው፤ ከወረወራቸው 11 ኳሶች የተያዙለት 4 ናቸው።

«ችሎታ ያለው ሰው ተደብቆ አይቀርም»

ቢሆን ደስ ባለኝ፤ ግን የዋርነር ታሪክ ራሱ ይቃወመዋል። በ1999 መጀመሪያ ክሊቭላንድ ብራውንስ እንደገና ሲመሠረት እያንዳንዱ ነባር ቡድን አምስት ተጫዋቾችን ለምርጫ እንዲያቀርብ ተደረገ። ራምስ ካቀረባቸው አንዱ ዋርነር ነበር። ብራውንስ አልወሰደውም። በየቀኑ ሲለማመድ የሚያየው አሳልፎ ሊሰጠው ፈቀደ፤ ሰው የሚፈልገውም ዘለለው።

ራምስ በዚያ ዓመት ያመነው በኳርተርባኩ በትሬንት ግሪን ነበር፤ ለአራት ዓመት 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስፈርሞታል። በነሐሴ መጨረሻ፣ ውድድሩ ሳይጀመር በተደረገ የዝግጅት ጨዋታ፣ የግሪን ጉልበት ተጎዳ። አሰልጣኙ ዲክ ቬርሚል እንባ እየተናነቀው ቡድኑ ከዋርነር ጎን እንደሚቆም ለጋዜጠኞች ተናገረ። ዋርነርም 4,353 ያርድና 41 ታችዳውን ወርውሮ የዓመቱ ኮከብ ተባለ። ባለፈው ዓመት 4 ጊዜ ብቻ ያሸነፈው ቡድን 13 ጊዜ አሸነፈ። ጥር 30 ቀን 2000 በአትላንታ በተደረገው ሱፐር ቦውል ራምስ ቴነሲ ታይታንስን 23 ለ16 ሲረታ ዋርነር የወረወረው 414 ያርድ በጊዜው የሱፐር ቦውል ክብረ ወሰን ነበር።

የግሪን ጉልበት ባይጎዳ ኖሮስ? ዋርነር ያው ሰው፣ ያው ክንድ፣ ያው ዝግጅት ይኖረው ነበር፤ ስሙን የሚያውቅ ግን ላይኖር ይችል ነበር። ስለዚህ በተጠባባቂ ወንበር የቀረውን ሁሉ ችሎታ ያጣ አድርጎ መቁጠር ፍርደ ገምድልነት ነው።

«ብቻውን ቡድኑን አነሣው»

አላነሣውም። ኳስ ይዞ ሯጩ ማርሻል ፎልክ ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ራምስ የመጣው በዚያው ዓመት ነው፤ ኳስ ተቀባዩ ቶሪ ሆልትም እንዲሁ በ1999 ተመለመለ። ኳስ ተቀባዩ አይዛክ ብሩስና ኳርተርባኩን የሚጠብቀው ኦርላንዶ ፔስ ቀድመው ነበሩ፤ የማጥቃት ስልቱን የነደፈው ማይክ ማርትዝ ነው። የፍጻሜው ጨዋታ የመጨረሻ እንቅስቃሴ ላይ የታይታንስን ተጫዋች አንድ ያርድ ሲቀረው ይዞ የጣለው ደግሞ ተከላካዩ ማይክ ጆንስ ነበር፤ ያን ጊዜ ዋርነር ከሜዳው ዳር ቆሞ ይመለከት ነበር።

«ለጥቂት ዓመት በርቶ ጠፋ»

በ2001 ለሁለተኛ ጊዜ የሊጉ ኮከብ ሆኖ በሱፐር ቦውል በኒው ኢንግላንድ ተሸነፈ። በ2002 ጣቱ ተሰበረ፤ ቋሚ ሆኖ የጀመራቸውን ስድስት ጨዋታዎች በሙሉ ተሸነፈ። በ2004 ራምስ አሰናበተው። ኒው ዮርክ ጃያንትስ ዘጠኝ ጨዋታ አሰልፎት ቦታውን ለወጣቱ ኢላይ ማኒንግ ሰጠ። ብዙ ሰው ታሪኩ እዚህ ያለቀ ይመስለዋል።

በ2005 አሪዞና ካርዲናልስ ወሰደው። በማግስቱ ዓመት ቡድኑ የሃይስማን ባለድሉን ማት ላይናርትን በአሥረኛ ደረጃ መርጦ የወደፊቱ መሪ እሱ መሆኑን አሳወቀ። በ2008 ግን ቋሚው የ37 ዓመቱ ዋርነር ነበር፤ አሪዞናንም በታሪኩ የመጀመሪያ ወደሆነው ሱፐር ቦውል አደረሰ። ጨዋታው ሊያልቅ 35 ሰከንድ ሲቀረው ፒትስበርግ ታችዳውን አግብቶ 27 ለ23 አሸነፈ። በጥር 2010 በጥሎ ማለፍ ግሪን ቤይን ሲገጥም ከወረወራቸው 33 ኳሶች 29ኙ ተይዘውለታል፤ አምስቱ ታችዳውን ነበሩ። የሳታቸው ኳሶች አራት፣ ታችዳውኖቹ አምስት! በተጨማሪ ሰዓት 51 ለ45 የተረታው ፓከርስ በ1994 ያሰናበተው ያው ቡድን ነበር። ዋርነር በዚያው ወር ጫማውን ሰቀለ፤ በ2017 ወደ ፕሮ ፉትቦል የዝነኞች አዳራሽ ገባ። አሪና ሊግ ግን ቀድሞ በ2011 በራሱ የዝነኞች አዳራሽ አስገብቶት ነበር።

ይህን ታሪክ እየሰሙ ተስፋ የሚሰንቁ ወጣቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ዋርነር የሠለጠነባቸው ሁለቱ መንገዶች ተዘግተዋል። የአውሮፓው ሊግ በ2007 ፈረሰ፤ አሪና ሊግም በ2019 ሥራ አቆመ። በ2024 ሁለት ሊጎች ተዋህደው የመሠረቱት ዩኤፍኤል የተባለ የጸደይ ሊግ አለ፤ ያልተመረጡ ኳርተርባኮች ዛሬ በየሳምንቱ ኳስ እየወረወሩ ራሳቸውን የሚያሳዩት እዚያ ነው።