መብረቅ ማጣሪያውን ሲያሳብደው

ክረምት ላይ በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ዜና የሰማ ሰው ያንን «ጧ!» የሚል ድምፅ ያውቀዋል። መብረቅ ነው። የማያቋርጠው «ሽሽሽ» ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ለእኛ ለሲግናል ሰዎች ብዙም አያስቸግርም።

የሚያስቸግረው «ጧ!» ነው። ዊድሮውና ሆፍ እ.ኤ.አ. በ1960 ያወጡት ኤልኤምኤስ የሚባለው ስልት የማጣሪያው ውጤት ከሚፈለገው የራቀበትን መጠን፣ ማለትም ስህተቱን፣ እያየ ማጣሪያውን ያስተካክላል፤ ስህተቱ ሲያንስ በትንሹ፣ ሲበዛ በትልቁ ይራመዳል። 0.2 የነበረው ስህተት በአንድ መብረቅ 50 ቢሆን፣ ሌላው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ እርምጃው 250 እጥፍ ነው። ሲማር የቆየው ሁሉ ገደል ገባ!

መላው? አንዱ፣ ስህተቱ ፕላስ ይሁን ማይነስ ብቻ አይቶ መጠኑን መርሳት ነው። ቀላል ነው፤ ግን ማጣሪያው በደህናውም ጊዜ ይንቀረፈፋል። እኔ የምመርጠው ከስታቲስቲክሱ ሊቅ ከፒተር ሁበር (1964) የመጣውን ነው፦ ለስህተቱ ጣሪያ ይደረግለታል፤ ከጣሪያው በታች ከሆነ እንደወትሮው፣ ካለፈ ጣሪያው ላይ ይቆረጣል።

ጣሪያውን በአማካይ እንዳትወስኑ ብቻ። የአምስት ስህተቶች መጠን 0.1፣ 0.2፣ 0.1፣ 50፣ 0.2 ቢሆን አማካዩ 10.12 ነው። ደርድራችሁ የመሃሉን ብትወስዱ ግን 0.2።

ወጥመድም አለው። ለምሳሌ ኤኮ የምናጠፋበት ስልክ ድንገት ከጠረጴዛ ሲነሳ ስህተቱ የምር ይተልቃል፤ ማጣሪያው ግን መብረቅ መስሎት ይንቀዋል። ስለዚህ የመሃሉን ቁጥር ሁሌም የማሰላው ከመጨረሻዎቹ ጥቂት ናሙናዎች ነው፦ መብረቅ መጥቶ ይሄዳል፤ የምር ለውጥ ከሆነ ግን የመሃሉም ቁጥር ከፍ ይላል፣ ጣሪያውም ይከተለዋል።