ከታላቁ መስመር በቀጥታ ስለ ምን አይቀጠልም?

አባይ ሸርቆሌን ከጉባ ይለያል። በጉባ ምድር የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መሠረት መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጣለ። የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጀመሪያው ተርባይን ኃይል መስጠት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። እንግዲህ አንድ የሸርቆሌ ገበሬ ወደ ጽሕፈት ቤታችሁ መጥቶ፥ «ኃይሉ የሚወጣው ከደጄ ነው፤ ከታላቁ ሽቦ ቀጥላችሁ ስለ ምን አታበሩልኝም?» ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። «መመሪያ አይፈቅድም» ማለትም መልስ አይሆንም። እውነተኛው መልስ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተማርነው ሒሳብ ውስጥ ይገኛል።

በመጀመሪያ ኃይሉ ከወዴት እንደሚመጣ እንመልከት። 1 ሜትር ኩብ ውሃ 1,000 ኪሎግራም ይመዝናል። ይህ ውሃ 100 ሜትር ሲወርድ የሚሠራው ሥራ 1,000 በ9.8፥ ከዚያም በ100 ተባዝቶ 980,000 ጁል ነው። በየሰከንዱ ይህን ያህል ቢወርድ 980 ኪሎዋት ይሆናል። ተርባይኑና ጄኔሬተሩ ጥቂቱን ያስቀራሉ፤ የቀረው ወደ ሽቦው ይገባል።

ችግሩ የሚጀምረው ከሽቦው ነው። የኤሌክትሪክ ኃይል የሚገኘው ግፊቱን፥ ማለት ቮልቱን፥ በፍሰቱ፥ ማለት በአምፔሩ፥ በማባዛት ነው። ሽቦ ደግሞ ለፍሰቱ ተቃውሞ አለው፤ ይኸውም በኦም ይለካል። በሽቦው ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ የሚጠፋው ኃይል ፍሰቱ በራሱ ተባዝቶ፥ እንደገና በተቃውሞው ሲባዛ የሚገኘው ነው። «በራሱ ተባዝቶ» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ በእርስዋ ላይ ቆሟል።

1,000 ኪሎዋት 1 ኦም ተቃውሞ ባለው መስመር መላክ ፈለግን እንበል። ግፊቱ 1,000 ቮልት ቢሆን ፍሰቱ 1,000 አምፔር ይሆናል፤ ጥፋቱም 1,000 በ1,000 ሲባዛ 1,000 ኪሎዋት ነው። የላክነው በሙሉ በመንገድ ቀረ ማለት ነው! ግፊቱን ወደ 10,000 ቮልት ብናሳድገው ፍሰቱ 100 አምፔር፥ ጥፋቱ 10 ኪሎዋት ብቻ ይሆናል። ግፊቱ 10 እጥፍ ሲጨምር ጥፋቱ 100 እጥፍ ቀነሰ። (መሐንዲሶች በሦስት ፌዝ የሚሠሩት ሒሳብ ረዘም ያለ ነው፤ ፍርዱ ግን ያው ነው።) ከግድቡ ተነሥቶ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚጓዘው መስመር 500,000 ቮልት የሆነው ስለዚህ ነው።

የቤታችን አምፑል ግን የሚፈልገው 220 ቮልት ነው። ግፊቱን ዝቅ የሚያደርገው ትራንስፎርመር ሲሆን፥ የሚሠራውም ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. በገለጠው ሕግ ነው፤ የሚለዋወጥ የማግኔት ኃይል በአጠገቡ ባለው የሽቦ ጥቅል ግፊት ያስነሣል። ሁለተኛው ጥቅል ከፊተኛው 10 ጊዜ ያነሰ ዙር ቢኖረው ግፊቱም 10 ጊዜ ያንሳል። ይሁን እንጂ ከ500,000 በአንድ ጊዜ ወደ 220 ማውረድ ለጥቂት ቤቶች ሲባል የማይታሰብ ወጪ ነው። ስለዚህ በማከፋፈያ ጣቢያ በየደረጃው ይወርዳል።

ወደ ገበሬው እንመለስ። 1,000 ኪሎዋት ለሚበቃው ከተማ የሚያስፈልገው ከማከፋፈያ ጣቢያ የሚነሣ የ33,000 ቮልት መስመር ነው። ርቀቱ 50 ኪሎ ሜትር፥ ተቃውሞውም በኪሎ ሜትር ግማሽ ኦም ቢሆን፥ ፍሰቱ ወደ 30 አምፔር፥ ጥፋቱም ወደ 23 ኪሎዋት ይሆናል። ይህ ከመቶ ሁለት ያህል ስለ ሆነ የሚያሳስብ አይደለም። እንግዲህ ገበሬው መጠየቅ የሚገባው የታላቁን ሽቦ ቅርበት ሳይሆን፥ የማከፋፈያው ጣቢያ የት እንዳለና የ33,000 ቮልቱ ምሰሶ መቼ እንደሚተከል ነው።